በሄቪ ሜታል የተቀመጠ ሽምግልና

ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሰባት ወር ሙሉ የተኳረፍነው በኦርጋን ምክንያት ነው። ኦርጋን ስል በየሠርጉ የሚመታውን፣ ኪቦርድ የሚባለውን ማለቴ ነው። ይህን ታሪክ ሳይስቅ ወይም «የደበቅሽው ሌላ ነገር አለ» ሳይለኝ እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው የለም። ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት በሚስተናገድበት በኩል ነው። አበባና ሥጋ ወደ ውጭ ሲላክ ወረቀቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የምኖረው ጎሮ ነው፤ ጡረታ በወጡ አንዲት አዋላጅ ነርስ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቼ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፤ ሄቪ ሜታል እወዳለሁ። ዘመዶቼን የሚያሳስባቸው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን ስለማያውቁት ነው እንጂ ቅደም ተከተሉ ይቀየር ነበር።

ባልደረባዬን የተዋወቅሁት በሠራተኞች ሰርቪስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የቀዝቃዛው መጋዘን የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አንጸባራቂ ሰደርያውን ሳይቀር በካውያ የሚተኩስ ሰው። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠና ከማዳመጫው ጭጭጭ የሚል ድምፅ ይወጣ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሰማው ሬዲዮው ተበላሽቷል ይል ነበር። እኔ ከከበሮው ብቻ ዘፈኑን አወቅሁት።

«ይሄ ሁለተኛው ዘፋኝ የዘፈነው ነው» አልኩት። «የመጀመሪያው ይሻላል።»

ማዳመጫውን አውልቆ ዞር አለ። ሱሪህ ከኋላ ተቀዷል የተባለ ሰው እንደሚያየው ነው ያየኝ።

«የመጀመሪያው ትንፋሽ የለውም» አለኝ።

«ትንፋሽ የለውም? አንዷን ድምፅ ይዞ እኮ ከዚህ እስከ መብራቱ ይደርሳል!»

«እሱ ትንፋሽ አይደለም፤ ግትርነት ነው።»

ጓደኝነታችን በዚህ ተጀመረ። ለአራት ዓመት አንድም ቀን ተስማምተን አናውቅም። እሱ የድሮ ሄቪ ሜታል አማኝ ነው። ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ከበሮ፣ ቆዳ ጃኬት ለብሶ የሚጮኽ አንድ ሰው፤ ከዚህ የተረፈው ሁሉ ለእሱ ቅጥ ማጣት ነው። ዘፈን ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ፈቃድ መጠየቅ አለበት ይላል። ግጥሙም ስለ መንገድ፣ ስለ ብረት ወይም ስለ ሞተር ሳይክል ካልሆነ ልቡ አይገባም።

እኔ ደግሞ የፓወር ሜታል ሰው ነኝ። ከበሮው በሁለቱም እግር ያለ እረፍት እየተረገጠ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ እስኪመስል ድረስ። ዘፋኙ ከላይ፣ ወንድ ይድረስበታል ተብሎ በማይታሰብ ቦታ። ጎራዴ አለ፣ ተራራ አለ፣ ዘንዶ አለ። አዝማቹ ሲደርስ ሁሉም አብሮ ይዘምራል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ በቃ አለቀ ስትል፣ አዝማቹ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይደገማል። ባልደረባዬ ይህን የልጆች ተረት ይለዋል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ «ጽጌረዳ፣ ቀይ፣ ባለ ረጅም ግንድ» እያልኩ ማኅተም ስመታ የዋልኩ ሴት ነኝ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሆነ ዘንዶ መገደል አለበት።

በአዳዲሶቹ ላይም አንስማማም። እሱ «ጊታሩን በሳሙና አጥበው ነው የሚያወጡት፣ ቆሻሻ የሌለበት ጊታር ምን ይረባል» ይላል። እኔ የድሮዎቹን ስሰማ ሁሉም ነገር በርሜል ውስጥ የተቀዳ ይመስለኛል። አንድ ላይ የቆምነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየአልበሙ መሐል ላይ የምትገባዋን ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ሁለታችንም አንወዳትም።

ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ጎሮ ይመጣል፤ ቤቱም እዚያው ከላይ ነው። አከራዬ ግቢ ውስጥ አቮካዶው ሥር ሁለት ዱካ እናወጣና አንዱን ማዳመጫ ለሁለት እንካፈላለን፤ አንድ ጆሮ ለእሱ፣ አንድ ጆሮ ለእኔ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳንነጋገር ጭንቅላታችንን እንነቀንቃለን። አከራዬ ከወለጋ የመጡ፣ በቸርቻቸው መዘምራን ውስጥ ረጅም ዘመን በመሪነት የሚያገለግሉ ሴት ናቸው። ለብዙ ሳምንት በመስኮት ሲያዩን ከርመው አንድ ቀን ወጡና «ጸሎት ከሆነ እኔም ልግባ፤ ሕመም ከሆነ ደግሞ ነርስ ነኝ» አሉን።

ጠቡ የመጣው በአንድ ማክሰኞ ነው። የምወደው አንድ ቡድን አዲስ ዘፈን አወጣ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ሙሉ መዘምራን አለበት፤ ዘንዶ አለበት፤ መሐሉ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ይልና ኦርጋኑ ብቻውን ይቀራል። ስሰማው ወረቀት ላይ ያለቀስኩ ብቸኛዋ የጭነት ሰነድ ሠራተኛ እኔ ሳልሆን አልቀርም። በቴሌግራም ላክሁለት። «ተረጋግተህ ስማው» ብዬ ጻፍኩ። ከምሳ በኋላ መልሱ መጣ።

«ይሄ ዘፈን አይደለም፤ የልደት ኬክ ነው። ኦርጋኑ ደግሞ ክሬሙ ነው።»

ደሜ ፈላ። ወረቀት ላስፈርም ወደ ቀዝቃዛው መጋዘን ስገባ ሠራተኞቹ መሐል ቆሞ አገኘሁት። እሱ ከሁሉ በላይ የሚወዳት አንዲት የድሮ ዘፈን አለች፤ ስለ ሞተር ሳይክል ነጂ የምታወራ። እኔ ጮክ ብዬ «ያንተዋ ዘፈን የጊታር ሶሎዋ ፎርክሊፍት ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ነው» አልኩ። ይህን ስል አንድ ጭነት ማንሻ ፎርክሊፍት ከጀርባዬ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር፤ ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ። ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ፈረመ፣ ዓይኔን ሳያይ መለሰልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርቪስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ መቀመጥ ጀመረ። የሥራ ጉዳይ ሲኖር ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ካርቶን ላይ ይለጥፍልኛል፤ «ይሄ እርጥብ ነው»፤ «ይሄ ተከፍቷል»። እኔም መልሴን እዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ «አየሁት» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ አራት ነጥቡን እንዳላስቀምጥ ራሴን ከለከልኩ፤ ከሚገባው በላይ ወዳጅነት እንዳይመስል።

በሦስተኛው ቅዳሜ አከራዬ ወደ በሬ መጡ።

«ያ ልጅ የት ገባ?»

«ተጣልተናል እትዬ።»

«በምን?»

«በኦርጋን።»

ትንሽ አሰቡ። «ሰበረብሽ?»

«አይ፤ አልወደደውም።»

ሌላ ነገር ሳይሉ ገቡ። በማግሥቱ ከቸርች ሲመለሱ «ጸልዬበታለሁ፤ ሌላ ነገር አለ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በሩን እያንኳኩ በአዲስ መንገድ ይጠይቁኛል። ሚስት አለችው? ቃል ገብቶልሽ ነበር? እናቱ አልወደደችሽም? እኔ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያለኝ። በሰባተኛው ወር ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እሱን ራሱን አገኙትና ጠየቁት። እሱም «በኦርጋን ነው» አላቸው።

ግቢ ሲደርሱ ዳቦውን እንኳ ሳያስቀምጡ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። «ሰባት ወር ሳትነጋገሩ እንዴት አንድ ዓይነት ውሸት ዋሻችሁ?» አሉኝ። «ይሄ ነገር ሽምግልና ያስፈልገዋል።»

ሽምግልናው ለእሑድ ከሰዓት ተቀጠረ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ሠርግ ስላለባቸው ቀሩና ሁለት ሆኑ። አንደኛዋ አከራዬ ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታችን፣ የዕድር ሊቀመንበሩ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ መለከት ይነፉ የነበሩ፣ አሁንም ሲሄዱ እንደ ሰልፈኛ የሚረግጡ፣ ጾም የማያፈርሱ አዛውንት። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው፣ ማስታወሻ ደብተር ይዘው መጡ።

ባልደረባዬም መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል። እኔን በአንዱ ሶፋ ጫፍ፣ እሱን በሌላው ሶፋ ጫፍ አስቀመጡን። ሊቀመንበሩ ቆመው አባታችን ሆይ አሉ። እሳቸው ሲጨርሱ አከራዬ ተነሥተው በራሳቸው መንገድ ጸለዩ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ለማሳረጊያ ጥቂት ቃል ጨመሩ። አከራዬ ደግሞ በዚያ ላይ ትንሽ ጨመሩ። የመጨረሻውን አሜን ማንም ለማንም ሳይተው ብዙ ቆየን። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«እንግዲህ ልጆች» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ደብተራቸውን ገልጠው። «ሰው ሆኖ የማይጋጭ የለም። ነገሩን ከሥሩ እንስማ። አንቺ ጀምሪ።»

«ዘፈን ላክሁለት ጋሼ።»

«የፍቅር ዘፈን?»

«የዘንዶ።»

ጻፉ። «ቀጥዪ።»

«የልደት ኬክ ነው አለኝ።»

«ልደትሽ ነበር?»

«አይደለም ጋሼ። ዘፈኑን ነው ኬክ ያለው።»

እርሳሳቸውን አስቀምጠው አከራዬን አዩ። አከራዬ «አላልኩዎትም?» የሚል ፊት አሳዩአቸው። ወደ ባልደረባዬ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ፣ ምን አደረገችህ?»

«ሶሎውን ፎርክሊፍት አለችው።»

«ምኑን?» አሉ አከራዬ።

«ሶሎውን፣ እትዬ። ጊታሩ ብቻውን የሚናገርበት ቦታ ነው።»

«ጊታሩ ምን ብሎ ነበር?»

«እሱን ነው እኮ እሷ ያልሰማችው» አለ። «ያ ዘፈን ለእኔ ዘፈን ብቻ አይደለም። የአባቴ ነው።»

«አባትህ ዘፋኝ ነበሩ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አልነበሩም» አለና አንገቱን ደፋ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጥግ ሄደው ተማከሩ። ተመልሰው ሲቀመጡ ሊቀመንበሩ «ማስረጃው ይሰማ» አሉ።

አከራዬ ለቤት ጸሎት የሚጠቀሙበትን፣ ቁመቱ ወገቤ የሚደርስ ስፒከር ከመኝታ ክፍል እየገፉ አመጡ። ስልኬን አገናኘሁ። አስቀድሞ የእኔው ተከፈተ።

ከበሮው ሲጀምር ብርጭቆዎቹ ቡፌው ውስጥ ተንጫጩ። ሊቀመንበሩ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለመቁጠር ሞከሩ። ተከታተሉት፣ ተከታተሉት፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጠው ግንባራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አከራዬ ግን መዘምራኑ ሲገቡ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

«ስለ ምንድን ነው የሚለው?» አሉኝ በጩኸቱ መሐል።

«አንድ ትልቅ ዘንዶ ሕዝቡን ሲያሠቃይ ነበር እትዬ፤ አሁን ሊዋጉት እየወጡ ነው።»

«ዮሐንስ ራእይ ነዋ!» አሉ ዓይናቸውን ከፍተው። «ዘንዶው ምን ሆነ?»

«ገና ነው፤ ተራራው ላይ ናቸው።»

ኦርጋኑ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ደረሰ። አከራዬ ባልደረባዬን በትዝብት አዩት። «ይሄ ነው የጠላኸው? የእኛ ቸርች የሚመታው እኮ ነው!» መጨረሻ ላይ አዝማቹ አንድ ደረጃ ከፍ ሲል ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ተሸነፈ?»

«ተሸነፈ እትዬ።»

«ሃሌ ሉያ!»

ሊቀመንበሩ ጸጥታው እስኪረጋ ጠበቁ። «ከበሮ መቺው ምን አስቸኮለው?» አሉ። «የት ሊደርስ ነው? በዚህ ፍጥነት የሚረግጥ ሠራዊት በሁለተኛው ቀን እግር አይኖረውም።»

ከዚያ የባልደረባዬ ዘፈን ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ወዲያው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ጫማቸው ምንጣፉ ላይ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ማለት ጀመረ። እኔ ፎርክሊፍቱን እየጠበቅሁ ነበር። ሶሎው ሲመጣ ግን ፎርክሊፍቱ የለም። የማውቃት ጊታር አለች፤ ከሥሯ ግን ሌላ ጊታር ይሄዳል፤ እርምጃ በእርምጃ፣ ክንዷን ይዞ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው። ይህን ጊታር በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

«እስቲ አንዴ ይደገም» አልኩ።

ባልደረባዬ ከሰባት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ። «ያንቺ ግራው ማዳመጫ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ሁለተኛው ጊታር በቀኝ በኩል ነው።»

«አሁን ገባኝ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ግማሹን ነበር የምትሰሚው?»

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ዘፈኑን ብቻዬን ሆኜ ሰምቼው አላውቅም፤ ስለማልወደው። የማልወደው ደግሞ ግማሹን ስለሰማሁ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሊቀመንበሩ ጭናቸውን በእጃቸው መቱ።

«ሙዚቃ ማለት ይሄ ነው!» አሉ። «ሥርዓት አለው። ያኛው ጫጫታ ነው።»

«ምኑ ነው ጫጫታ?» አሉ አከራዬ።

«እህቴ፣ ልክ የለውም እኮ።»

«እዚያ ላይ የእግዚአብሔር ጠላት ድል ተነሥቷል! እዚህኛው ላይ ሰውዬው ምን ያደርጋል?» ወደ ባልደረባዬ ዞሩ። «ሰውዬህ ምን እያደረገ ነው?»

«ሞተር ሳይክል እየነዳ ነው» አለ በትሕትና።

«ሰሙ ሊቀመንበር? ሞተር ሳይክል!»

«ቢነዳስ? በልኩ ነው የሚነዳው» አሉ ሊቀመንበሩ። ከዚያ ባይወጣ ይሻል የነበረ ቃል አመለጣቸው። «የናንተም ኦርጋን እንዲህ በልክ ቢመታ ምን ነበረበት፤ እሑድ እሑድ ጠዋት ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሁልጊዜ ይቀድማል።»

አከራዬ ወገባቸውን ያዙ።

«አሃ» አሉ አከራዬ። «ይሄን ስንት ዓመት በሆድዎ ይዘውት ኖረዋል?»

«ዘጠኝ» አሉ ሊቀመንበሩ፤ መዋሸት ነውር ነው ብለው።

ደብተራቸውን አጥፈው ተነሡ። ሻያቸውን አልጠጡም። በሩ ላይ ዞር ብለው «የልጆቹ ጉዳይ በይደር ይቆይ» አሉና ግራ ቀኝ እየረገጡ ወጡ። አከራዬ መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እኔና ባልደረባዬ በሁለቱ ሶፋዎች ጫፍ፣ ትልቁ ስፒከር መሐላችን ቆሞ፣ ቀረን።

«አሁን ታርቀናል ወይስ አልታረቅንም?» አለኝ በሹክሹክታ።

«በይደር ነው።»

«ታዲያ መነጋገር እንችላለን?»

«እኔ እንጃ። እየተነጋገርን ነው መሰለኝ።»

በዚህ ሁኔታ ወደ ሥራ ተመለስን። ሰርቪስ ውስጥ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ግን ብሶባቸው ቀጠሉ። አከራዬ የዕድር ስብሰባ መሄድ ተዉ። ሊቀመንበሩ በበራችን ማለፍ ትተው በጀርባው ኮረኮንች መንገድ ይዞሩ ጀመር፤ ለሰልፈኛ ጫማቸው ከባድ መንገድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ሃይማኖት የተጣሉ መሰለው፤ አንዳንዱም ወገን መያዝ ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ባልደረባዬ «ይሄን ያመጣነው እኛ ነን» አለኝ። «እኛው እናሸማግላቸው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሊቀመንበሩ ቤት ሄደን በራፉ ላይ ቆምን።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን።

«ጉዳያችንን ካልሰሙን አንቀመጥም ጋሼ» አለ ባልደረባዬ።

ፊታቸው በራ። ሽማግሌ ሆነው ስንት በራፍ ላይ እንደቆሙ እንጂ እሳቸው በር ላይ ሽማግሌ ቆሞላቸው አያውቅም። ደስ ስላላቸው አቆዩን። ወንበራቸውን አመቻቹ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ «ጉዳዩ ምንድን ነው?» ብለው እንደማያውቅ ሰው ጠየቁ።

«ስለ ኦርጋን ነው» አልኩ።

«ከባድ ነው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

በመጨረሻ እንድንቀመጥ ፈቀዱ። ከቁም ሣጥን ውስጥ ጥቁር ሣጥን አውጥተው ከፈቱልን፤ መለከታቸው ነው፤ እንደ መስታወት ተወልውሏል። የፊት ጥርሶቻቸው ከወለቁ ጀምሮ መንፋት አይችሉም። ሰው ሠራሹ ጥርስ ለምግብ ነው እንጂ ለመለከት አይሆንም አሉን። «እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ እዚህ እቀመጣለሁ። የሳቸው መዝሙር ከዚህ ከጀርባ ካለው ቸርቻቸው በአጥሩ ላይ ይመጣል። ቆንጆ ነው እኮ። ሦስተኛው ላይ ግን ኦርጋኑ አንድ ምት ይቀድማል። ለማን ልንገር? ብቻዬን እየቆጠርኩ፣ ብቻዬን እየተናደድኩ፣ ዘጠኝ ዓመት።»

ይህንን እንዳለ ለአከራዬ ነገርናቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ለበሱ፣ ከመንገድ ላይ ብርቱካን ገዙ፣ እኛን ከኋላቸው አስከትለው ሊቀመንበሩ ቤት ገቡ።

«ሊቀመንበር» አሉ፣ ሳይቀመጡ። «የሚቀድመው የቱ ጋ ነው?»

«ይዘምሩትና ላሳይዎት።»

ዘመሩ። ሊቀመንበሩ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ቆጠሩ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አየር ላይ አቆሙት። አከራዬ አቋረጡ፣ እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና እዚያው ጋ ቀደሙ።

«እኔ ነኝ እንዴ የምቀድመው?» አሉ ደንግጠው።

«ኦርጋኑ እርስዎን ነዋ የሚከተለው» አሉ ሊቀመንበሩ።

አከራዬ በመጀመሪያ ሊቆጡ ነበር። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ብርቱካኑ ተላጠ። ሦስተኛውን መዝሙር ደጋግመው ሠሩት፤ ሲቀና ወደ አራተኛው አለፉ፤ አራተኛውም ችግር ነበረበት። እኔና ባልደረባዬ ጥግ ላይ ተቀምጠን ሽምግልናችን እስኪታወስ ብንጠብቅ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። የእኛ ፋይል እስከ ዛሬ በይደር ነው።

ቀስ ብለን ወጣን። እሱ ከሰዓት ፈረቃ ነበረው፤ ወደ ታክሲው ድረስ ሸኘሁት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ቆመን ሳለ «የአባትህ ነው ያልከው ምንድን ነው?» አልኩት።

ማዳመጫውን ከኪሱ አወጣ።

«አባቴ ታሞ ከጎጃም አምጥቼው ነበር» አለኝ። «ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ማዳመጫ አድርጌ ስቀመጥ ምን እንደምሰማ ልስማ አለኝ። ሁለቱንም ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ያቺ ዘፈን ነበረች። እስከ መጨረሻው ሰምቶ ‹ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?› አለኝ። ሞተር ሳይክል እየነዳ ነው ማለት አፈርኩ። ‹በሬ ጠፍቶበት ነው› አልኩት።»

«በሬ?»

«በሬ። ‹መልኩ ምን ዓይነት ነው?› አለኝ። ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለው አልኩት። በጣም አዘነ። በማግሥቱ ራሱ ማዳመጫውን ጠየቀኝ። ሶሎው ላይ እጄን ያዝ አድርጎ ‹እዚህ ጋ ጎረቤቱም መጥቶ አብሮ እየፈለገለት ነው› አለኝ። በየቀኑ ስገባ ሰላም ሳይለኝ ‹ተገኘ?› ይለኛል። ‹ገና ነው አባዬ።› ‹ወንዙን ተከትሎ ይፈልግ በለው፤ ጠምቶት ነው የሚሄደው።› እነግረዋለሁ እለዋለሁ።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ሁለት እርምጃ ሄድን።

«በስተመጨረሻ ድምፁ ሲደክም፣ አንድ ከሰዓት ገብቼ ‹ተገኘ› አልኩት። ‹የት?› አለኝ። ‹ወንዙ ዳር።› ‹ነግሬህ ነበር› አለኝ።»

ስለ ፎርክሊፍቱ ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ አፌ ግን ሌላ ነገር አወጣ።

«ሁለተኛው ስንኝ ግን ትንሽ ይረዝማል» አልኩት።

አሰበበት። «ይረዝማል» አለና ታክሲ ውስጥ ገባ።